ብራናውና ድርሰቱ

በገዳማትና በአድባራት ዕቃ ቤት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት ገልጦ ያየ ሰው፥ መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል በብዙዎቹ ላይ ሳያነብ አይቀርም። ይህ ግዝት የሚጠብቀው ብራናውን ነው። ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ቅጅ የሚያወጣውን ቁም ጸሐፊ ግን ግዝቱ አይነካውም፤ መገልበጡ እንዲያውም በጎ ሥራ ነበር። በቅኔ ቤት ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቅኔ ብራና አይሻም፤ የሚጠበቀው ቃሉ ራሱ ነው። ተማሪው «ዘረፈ» ሲባል ከራሱ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ሲሆን፥ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ግን በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። አንድ ቃል በቅኔ ቤት ምስጋና፥ በገበያ ወንጀል መሆኑ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን የመጽሐፉን ባለቤትና የተቀኚውን ክብር ለይተው ያውቁ ነበር። በመካከል ያለውን ሦስተኛውን ነገር፥ ይኸውም ድርሰትን አባዝቶ የመሸጥን መብት ያመጣብን የማተሚያ መኪና ነው። ቁም ጸሐፊ በብዙ ወራት የሚጨርሰውን መኪናው በአጭር ጊዜ በሺህ ሲያወጣው፥ ገንዘቡ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ግድ ሆነ። በአገራችን ይህን ጥያቄ በስፋት የመለሰው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ የሚናገሩት ከ1647 እስከ 1674 ያሉት አንቀጾቹ ግን በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 ተሽረው፥ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ተተካባቸው። ይህም በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል።

አዋጁን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ አንባቢ ስንመረምረው፥ ሐሳቡ የጸና ቃሉ ግን ባዕድ ሆኖ እናገኘዋለን። ስሙን የወሰደው ከደራሲው ሳይሆን ከቅጅው ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ሕጉ የወጣው ለመገልበጫ መኪና ይመስለዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነን «የሞራል መብት» የተባለው ነው። ተማሪ ይህን ሲሰማ የግብረ ገብ ትምህርት ትዝ ይለዋል እንጂ፥ ደራሲው በድርሰቱ ላይ ስሙ እንዲጠራ፥ ወይም ስሙን ሰውሮ በብዕር ስም እንዲጽፍ፥ ክብሩን በሚነካ መንገድ ድርሰቱ እንዳይበላሽበት ያለው መብት መሆኑን ከየት ያውቃል? የቅኔ ቤት ሰዎች «ክብር» የሚሉት ይህንኑ ነበርና፥ የሕጉ ተርጓሚዎች ቃሉን ከደጃቸው ሳያነሡ ከባሕር ማዶ ማስመጣታቸው ይደንቀናል። ቢሆንም ፍሬ ነገሩ መልካም ነው፤ ደራሲው የገንዘቡን መብት ለሌላ ቢያስተላልፍ እንኳ ይህ ክብር ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ በሕይወት ሳለ አይሸጥም።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአዋጁ ቋንቋ ላይ ልንጥል አንወድም። በየጊዜው ያየናቸው የድርሰት መሸጫ ወረቀቶች በሬ ሲሸጥ ከሚጻፈው ውል ብዙ አይለዩም። ሻጭ እገሌ፥ ገዥ እገሌ፥ ዋጋው ይህን ያህል ብር፥ እማኞች ሦስት። በሬ ከተሸጠ በኋላ ሁለት ጊዜ አይታረድምና ለበሬ ይህ ይበቃል። ድርሰት ግን ዛሬ ታትሞ ነገ ይደገማል፥ ይተረጐማል፥ በመድረክ ይታያል፥ ፊልም ይሆናል፥ በራዲዮ ይተረካል። ከእነዚህ የትኛው እንደ ተሸጠ ወረቀቱ ዝም ይላል። ሕጉ አንዱን መብት ማስተላለፍ ሌላውን እንደ ማስተላለፍ እንዳይቈጠር ደንግጓል፤ ሆኖም ባለ ጉዳዮቹ ይህን የሚሰሙት ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

ነገሩን በቤት ብንመስለው ይቀላል። ቤቱን የሸጠ ሰው ወጥቶ ይሄዳል፤ ያከራየ ግን ኪራዩ ሲያልቅ ይመለስበታል። ደራሲም እንዲሁ መብቱን ጨርሶ ሊያስተላልፍ፥ ወይም ለአንድ እትምና ለተወሰነ ዘመን ብቻ ሊፈቅድ ይችላል። ብዙዎቹ ማከራየት አስበው መሸጥን ይፈርማሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በሥራው ምክንያት ለመሥሪያ ቤቱ የሚያዘጋጀው ጽሑፍ ሌላ ስምምነት ከሌለ የገንዘቡ መብት የአሠሪው ነው፤ ማታ በቤቱ የሚጽፈው ልብ ወለድ ግን የራሱ ነው። ነጋዴም ቢሆን ይህን ከንግድ ምልክት ጋር አያደባልቅ። የንግድ ምልክት መብት በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት በመመዝገብ የሚገኝ ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል፤ ድርሰት ግን ተጽፎ እንዳለቀ ሳይመዘገብ ይጠበቃል። ተማሪ ለራሱ ጥናት አንድ ቅጅ ቢያነሣ አይከለከልም። በትምህርት ቤት ደጃፍ ሙሉውን መጽሐፍ እያባዙና እየጠረዙ መሸጥ ግን ጥናት አይደለም፤ መምህራን ራሳቸው ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ሲልኩ ማየታችን ደስ አያሰኘንም።

የሚከብደው የወራሾች ጉዳይ ነው። የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በ2010 ዓ.ም. ያረፈ ደራሲ ልጆቹ እስከ 2060 ዓ.ም. ከድርሰቱ ሊጠቀሙ ይገባቸዋል ማለት ነው። እናቲቱ ሣጥን ከፍታ የምታወጣው ወረቀት ያ የበሬ ውል ከሆነ ግን፥ ገዥው ሁሉን ገዛሁ ይላል፤ እርሷም አልሸጠም ለማለት በእጇ ሌላ ጽሑፍ የላትም። እማኞቹም አርጅተዋል ወይም ሞተዋል። በውሉ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ነው፦ የተሰጠው መብት በስሙ ተጠርቶ፥ ስንት እትምና በእያንዳንዱ ስንት ቅጅ፥ ለስንት ዓመት፥ በየትኛው ቋንቋ፥ ክፍያው በአንድ ጊዜ ወይስ ከተሸጠው በመቶ ስንት እጅ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።