ደምን መቆጠብ፦ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ቀዶ ሕክምና

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የታካሚን የራሱን ደም ስለ መጠበቅ ያወጣው የፖሊሲ ጽሑፍ በሦስት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ እነርሱም የደም ማነስን አስቀድሞ ማከም፣ የሚፈሰውን ደም መቀነስ፣ ሰውነት የደም ማነስን የሚቋቋምበትን ዐቅም መደገፍ ናቸው። አስተሳሰቡ ለካንሰር ቀዶ ሕክምና ተገቢ ነው፤ ዕጢው ራሱ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደም ያፈስሳልና።

ይሁን እንጂ ምሰሶዎቹ የተደገፉበት ማስረጃ እኩል አይደለም። በ2020 የታተመው የብሪታንያ ጥናት (ፕሪቬንት) ከትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከ10 እስከ 42 ቀናት አስቀድሞ በደም ሥር የተሰጠ ብረት ሄሞግሎቢንን ከፍ ቢያደርግም ደም መውሰድን ወይም ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በአንጻሩ በ2022 የታተመው ፖይዝ-3 ከልብ ውጭ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 9,535 ሕሙማን ላይ ትራኔክሳሚክ አሲድ ከባድ የደም መፍሰስን ከ11.7 ወደ 9.1 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ሆኖም ከልብና ከደም ሥር ጉዳት አንጻር የመድኃኒቱ ደኅንነት ጥናቱ ባስቀመጠው መስፈርት አልተረጋገጠም፤ ካንሰር የደም መርጋትን ስለሚያባብስም ጥንቃቄ ያሻል።

ጽሑፉ የፖሊሲ ሰነድ በመሆኑ በወላይታ ዞን በቦምቤ ያለው ባለሙያ የራሱን ድርሻ ከውስጡ ፈልጎ ማውጣት አለበት። ደም እየፈሰሰው ወደ ሶዶ የሚላክ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመምተኛ ሄሞግሎቢኑ በመጀመሪያው ቀን ይለካ፤ የብረት እጥረት ካለበት ሕክምናው ወዲያው ይጀመር፤ ውጤቱም በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ብረት መስጠት ቀዶ ሕክምናውን ሊያዘገይ፣ ደም ከማዘጋጀትም ሊያዘናጋ አይገባም።