ሲሳካ ብቻ የሚያስተምር መመሪያ

በዚህ እትም የምንተቸው ልብ ወለድ ወይም ግጥም አይደለም። በኮምፒውተር ክፍሎቻችን ፎቶ ኮፒ እየተደረገ የሚታደለውን የቨርቹዋል ማሽን መመሪያ ነው። እሱም ጽሑፍ ነውና እንደ ጽሑፍ ይመዘን።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው። አንድ ላፕቶፕ ለብዙ ተማሪ በሚደርስበት ቦታ፣ ዋናውን ሲስተም ሳይነኩ ሊኑክስ ጭኖ፣ አበላሽቶ፣ እንደገና ጭኖ መማር ትልቅ ነገር ነው። መመሪያው በነጻ የሚገኘውን ቨርቹዋልቦክስን መምረጡ ይመሰገናል። ሥዕሎቹም ግልጽ ናቸው።

ነገር ግን «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ይወስደንና ነገሩ እምቢ ሲል ጥሎን ይጠፋል። አንድም ቦታ «ባይሠራስ?» ብሎ አይጠይቅም። ተማሪውም ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል። «እኔ ለኮምፒውተር አልተፈጠርኩም» ብሎ ከክፍል የቀረ ስንት አለ! ለመሆኑ ምን ነበር የገጠመው? ከዝርዝሩ ውስጥ ባለ 64 ቢት የሚል ምርጫ አጣ፣ ባለ 32 ቢት ብቻ ታየው። ይህ ብዙ ጊዜ የፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን አቅም ባዮስ ውስጥ ስለተዘጋ ነው። ኢንቴል ላይ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም በሚል ስም ይገኛል። እሱን ከፍቶ፣ ሴቭ አድርጎ ማስነሳት ነው፤ አለቀ።

ፕሮግራሙም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። የቆዩት ቅጂዎች የሚነሳ ሲስተም ሲያጡ «ፌታል» የሚል ቃል በጥቁር ስክሪን ላይ ያወጣሉ፣ «ገዳይ» እንደማለት። የሞተ ነገር ግን የለም። አዲሱ ዲስክ ባዶ ነው፣ የመጫኛው አይኤስኦ ፋይልም አልተያያዘም፣ ይኸው ነው። በአንጻሩ ዋናው መልእክት ጥግ ላይ ተደብቋል። ዊንዶውስ ላይ መጫኑ ሲንቀራፈፍ ከመስኮቱ ግርጌ በቀኝ በኩል አረንጓዴ ኤሊ ካያችሁ፣ የዊንዶውሱ ሃይፐር-ቪ ቨርቹዋላይዜሽኑን ይዞታል ማለት ነው። (ኤሊዋን የሳላት ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።)

በጣም የሚያናድደው ግን የራም ጉዳይ ነው። መመሪያው ለቨርቹዋል ማሽኑ 8 ጊጋባይት ስጡ ይላል። የእኛ ላፕቶፕ እኮ ሁለመናው 4 ነው! ለማን ነው የተጻፈው? ዴቢያንን ያለ ግራፊክስ ለሚጭን ሰው 1 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ ትእዛዞችን ለመማርም እሱ ይሻላል።

ደግሞ «ሪስታርት» ላይ ያበቃል። አይኤስኦው ካልወጣ መጫኛው እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀምር እንደሚችል ማን ይንገረን? ፋይሉ በፍላሽ ሲዞር ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል የሻ-256 አሻራውን ማመሳከር እንደሚገባም አልተጻፈም።

የመጨረሻው ቅጠል ጀርባ ባዶ ነው። ለሚቀጥለው ተራ ከመባዛቱ በፊት እነዚህ ነገሮች እዚያ ላይ በእስክሪፕቶ ቢጻፉ ቦታው ይበቃል።