«ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» መካነ ሰላም ላይ ሲነበብ

በ1860 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የቶኩጋዋ ሾጉኖች (የጦር ገዢዎች) ዘመን አከተመ፤ የጃፓን መንግሥት በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ስም ቆመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። የከበደ ሚካኤልን መጽሐፍ የወሎ ቦረና ከተማ በሆነችው መካነ ሰላም ላይ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ቀኖች ነጣጥሎ ማየት ይቸግረዋል፤ መቅደላ የዚሁ የምዕራብ ወሎ ደጋ አምባ ናት።

በ1946 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ጥያቄው ደፋር ነው፦ በሯን ዘግታ የኖረች አገር በአንድ ሰው ዕድሜ እንዴት ከኃያላን ተርታ ገባች? እኛስ ለምን ቀረን? ደራሲው ክብደቱን የሚጥለው ትምህርት ላይ ነው። በ«ታሪክና ምሳሌ» ያደግን ድምፁን እናውቀዋለን፤ ይመክራል፣ ይቆጫል። አማርኛው ዛሬም አልዛገም።

የእኔ ቅሬታ ገንዘቡ ላይ ነው። ለትምህርት ቤቱ፣ ለጦሩ፣ ለባቡሩ ማን ከፈለ? በ1863 የጃፓን መሳፍንት ግዛቶች ፈረሱ። በ1865 የሩዝ ግብር ቀርቶ የመሬቱ ዋጋ 3 በመቶ በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ተባለ፤ ሰብል ያዘ አልያዘ ያው ነው። ገበሬው አመፀ፤ በ1869 ወደ 2.5 በመቶ ዝቅ አለ። ለባለመሬቱ የመሬቱ ዋጋ የሰፈረበት ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። በ1870ዎቹ የሩዝ ዋጋ ሲወድቅ ብዙው ዕዳ መክፈል አቅቶት መሬቱን ለአበዳሪ አስረክቦ ጭሰኛ ሆነ።

የቦረና ገበሬ በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚያኖረውን የይዞታ ደብተር አሰብኩ። የባልና የሚስት ስም አለበት፤ ማሳው በአራቱም አቅጣጫ ከማን እንደሚዋሰን አለበት። ዋጋ የለበትም፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በጎ ነው ክፉ ነው የሚለው ክርክር ገና አላለቀም፤ የጃፓኑን ወረቀት ያየ ሰው ግን ለመፍረድ አይቸኩልም።

ቴዎድሮስም ዕውቀት አልናቁም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ አሠርተዋል፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ገደል እየናዱ፣ መንገድ እያበጁ መቅደላ አድርሰዋል። የጎደላቸው ግብሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲነኩ ካህናቱ ከዷቸው። የከበደ ሚካኤል «መማር ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ያነክሳል።

በ1946 የመንግሥት ሹም ሆኖ ስለ መሬት እንዲህ መጻፍ እንደማይቻል ይገባኛል። መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነበው አብዛኛው ባለርስት ወይም የባለርስት ልጅ ነበር፤ ጭሰኛው በአብዛኛው ፊደል አልቆጠረም፤ ጭሰኝነትን ያስቀረው የ1967ቱ የመሬት አዋጅም እስኪወጣ ገና 21 ዓመት ይቀረው ነበር።