«ጤዛ» እና የእኛ ጡረታ

ጡረታችን የተቃረበ የሽቫንሃይም ነዋሪዎች በ12 ቁጥር ትራም ላይ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፤ አገር ቤት ገብቶ፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ በዩሮ ጡረታ ተደላድሎ መኖር። ከመወሰንዎ በፊት የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንደገና ይዩት።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ፊልም፣ ጀርመን አገር ተምሮና በዘረኞች ጥቃት እግሩን አጥቶ በ1990 ጣና አካባቢ ወዳለው መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ ያሳያል። ትልቅነቱ መመለስን እንደ ሽርሽር አለማቅረቡ ነው። መንደሩ ከተማረው ልጁ መፍትሔ ይጠብቃል፤ እሱ ግን የገዛ ቅዠቱን እንኳ ማስታገስ አልቻለም።

ጉድለት የምለው አንድ ነገር ነው። አንበርብርን ደግፋ ያቆመችው እናቱ ናት። እናት ባትኖርስ? ፊልሙ ይህን አይጠይቅም። የብዙዎቻችን እናቶች ግን አርፈዋል፤ ለቀብራቸው ያልደረስንም አለን። የጀርመን ጡረታ አገር ቤት ድረስ ይከተለናል፤ የክራንከንካሳው ካርድ ግን እዚያ አይሠራም። ታዲያ ስንታመም ማን ያስታምመናል?

አንበርብር በመጨረሻ የመንደሩን ልጆች ወደ ማስተማር ይገባል። እኛም ከቤት መሥሪያው ቦታ አስቀድመን ዕድር፣ ጎረቤትና የምንጠቅምበትን ሥራ እንፈልግ። አለዚያ እዚህም እዚያም ባዳ ሆነን እንቀራለን።