ለጥቅምት በጥር ማመልከት

ዋዮሚንግ ከሌላ ግዛት ለሚመጣ አዳኝ ኤልክ የሚባለውን የትልቁን አጋዘን ማመልከቻ የምትዘጋው ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። መጋቢት በገባ በሳምንት በአሥር ቀኑ ኒው ሜክሲኮ ትዘጋለች። እኛ የምንኖርባት ኮሎራዶ ደግሞ በፈረንጆቹ ኤፕሪል የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ መጋቢት ሳያልቅ። ፕሮንግሆርን ለሚባለው የሜዳ ሯጭ ብቻ ዋዮሚንግ እስከ ግንቦት 24 ገደማ ፋታ ትሰጣለች። አደኑ ራሱ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ልጆቼ እነዚህን ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ ምልክት የሚያደርጉት በእሱ ላይ ነው። የፈረንጁን ትተን ይህን የመረጥነው ለጾሙ ስንል ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አዳማ ካሉት ወንድሞቼ ጋር በስልክ ስናወራ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጠመንጃው ነው። ጠመንጃው ከሁሉ የሚቀለው ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የዱር እንስሳን በዋናነት የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ባለሙያዎች በየዓመቱ የመንጋውን ብዛት ይገምታሉ፤ በየአደን ቀበሌው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ በየትኛው ሳምንት መታደን እንደሚችል ይወሰናል። ይህን የሚፈቅደው ወረቀት ታግ ይባላል፤ ለአንድ እንስሳ አንድ ታግ። ፈላጊው ከታጉ ሲበልጥ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣውም ለነዋሪው ያደላል። ኒው ሜክሲኮ ለዕጣ ከምታወጣው 84 በመቶውን ለነዋሪዎቿ፣ 10 በመቶውን የአደን መሪ ለቀጠረ ሰው፣ የቀረውን 6 በመቶ ደግሞ መሪ ላልቀጠረ የውጭ ሰው መድባለች። እንደ እኛ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖር ቤተሰብ መሪ ሳይቀጥር ወደ ኒው ሜክሲኮ በተሻገረ ቁጥር ቦታው እዚያ 6 በመቶ ውስጥ ነው።

ነገሩ ለአዳማና ለአርሲ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እኔ ሳድግ አጎቴ ሾፌር ነበር፤ አልፎ አልፎ የውጭ አገር አዳኞችን በዝዋይና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ወደ ሙኔሳ ደን፣ ሌላ ጊዜም ወደ አርባ ጉጉ ያደርስ ነበር። ሰዎቹ ለአንድ የደጋ አጋዘን ብለው ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ ከፕሮፌሽናል አዳኝና ከስካውት ጋር ደጋው ላይ ሰንብተው፣ አንዳንዴ ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ ሲነግረን ማመን ያቅተን ነበር። ለአደን ቀበሌው የተፈቀደው ኮታ ጥቂት ነው፤ ያደገ ወንድ ካልተገኘም አይተኮስም። በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው ይኸው እንስሳ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ካሉት የአርሲ፣ የባሌና የጨርጨር ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የሳይንስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች ለሳይንስ በመጨረሻ የታወቀው እሱ ነው።

ኮታ ምን እንደሆነ ለልጆቼ ያስረዳሁት ኮሎራዶ ላይ ሳይሆን ባሌ፣ ዲንሾ ያለው ፓርክ ውስጥ ነው። ክረምቱን አዳማ አያታቸው ዘንድ ልናሳልፍ ሄደን፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ወጣን። በፓርኩ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ቆሞ ነበር። ትንሹ ልጄ ፊቱን ከመኪናው መስኮት ሳያነሳ «አባዬ፣ ለዚህ ስንት ነጥብ ያስፈልጋል?» አለኝ። በነጥብ እንደማይገኝ፣ ፓርክ ውስጥም እንደማይታደን፣ ቁጥሩ አንሶ ለመጥፋት ከሚያሰጉት እንስሳት መሃል እንደሆነ ነገርኩት። ጥያቄው ግን ደስ አሰኝቶኛል። ትልቅ እንስሳ ሲያይ መጀመሪያ ያሰበው ፈቃዱን ነው።

ነጥብ የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ይነሳል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው በብዙ ግዛቶች ለሚቀጥለው ዓመት ነጥብ ይይዛል፤ አጠቃቀሙ ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። ኮሎራዶ ለአብዛኛው አደን ብዙ ነጥብ ያለውን ታስቀድማለች። ዋዮሚንግ ለውጭ ሰው ከመደበችው የኤልክና የፕሮንግሆርን ታግ 75 በመቶውን በነጥብ ቅደም ተከተል፣ 25 በመቶውን ነጥብ ሳታይ በዕጣ ትሰጣለች። አሪዞና ነጥቡን እንደ ተጨማሪ የዕጣ ቁጥር ትቆጥረዋለች። ኒው ሜክሲኮ ነጥብ የሚባል ነገር የላትም፤ ሁሉም በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

አደን የጀመሩ የአገራችን ሰዎች ነጥብን እንደ ዕቁብ ሲያዩት አውቃለሁ፤ ዛሬ ጣል፣ ተራህ ይደርሳል። ዕቁብ ግን አባላቱ የታወቁ ናቸው፤ መጨረሻ የወጣለትም ገንዘቡን ያገኛል። በነጥብ ተራ ላይ ግን በየዓመቱ አዲስ ሰው ይሰለፋል፣ ታጉ አይጨምርም፤ እንዲያውም መጥፎ ዓመት ሲመጣ ይቀንሳል። ዘንድሮ 5 ነጥብ የጠየቀ ቀበሌ አንተ 5 ስትደርስ 7 ሊጠይቅህ ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ከ20 ነጥብ በላይ የሚጠይቁ የኤልክ ቀበሌዎች አሉ። በ12 ዓመቷ የጀመረች ልጅ 20 ነጥብ ስትይዝ 32 ዓመት ይሆናታል፤ ያን ጊዜ የራሷ ሥራ፣ ምናልባትም የራሷ ልጆች ይኖሯታል።

ስለዚህ የልጅ ነጥብ ይጠራቀም የሚለውን ምክር አልቀበልም። ብዙ ወላጅ በዚህ የሚሳበው ዋጋው ስለሚያባብል ነው። በቅርብ ዓመታት ዋጋ ዋዮሚንግ ለኤልክ ነጥብ ከውጭ ግዛት አዋቂ 52፣ ከልጅ 10 ዶላር ታስከፍላለች፤ አሪዞናም የሌላ ግዛት ልጅን ሳይቀር በ5 ዶላር ፈቃድ ታስተናግዳለች። አሥር ዶላር እየጣሉ መቆየት ቁጠባ ይመስላል። በኮሎራዶና በዋዮሚንግ ልጅ ትልልቅ እንስሳ ማደን የሚጀምረው በ12 ዓመቱ ነው፤ ከ12 እስከ 18 ደግሞ ያሉት ስድስት ጥቅምቶች ብቻ ናቸው። ከእነሱም አንዱን እግር ኳስ፣ አንዱን ፈተና ይወስደዋል። የቀሩትን ከቤተሰብ ጋር በሜዳ ለማሳለፍ ከተፈለገ፣ ዕቅዱ የሚወጣው በቀንዱ ርዝመት ሳይሆን በልጁ ዕድሜ ነው። በትንሽ ነጥብ፣ አንዳንዴም ያለ ነጥብ የሚገኝ የሴት ፕሮንግሆርን ወይም የሴት ኤልክ ታግ ለ12 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም ቢሆን ልጅን ይደግፋል፤ ለአዋቂ 692 ዶላር የሆነው የዋዮሚንግ የኤልክ ታግ ለውጭ ግዛት ልጅ 275 ነው። መጠበቅ ካለበት የሚጠብቀው አባት ነው።

የአባት ነጥብ የሚውልበት መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ሁለት ሰው በአንድ ማመልከቻ ሲያመለክት ዋዮሚንግ ነጥባቸውን ደምራ ታካፍላለች። አባት 6፣ ልጅ ዜሮ ቢኖራቸው ሁለቱም በ3 ይገባሉ። ኮሎራዶ ግን ከሁለቱ ዝቅተኛውን ትወስዳለች፤ ያው አባትና ልጅ እዚህ በዜሮ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ከልጄ ጋር የማመለክተው በዜሮ ነጥብ ለሚወጣ ቀበሌ ነው፤ ዋዮሚንግ ላይ ግን ነጥቤን ለልጄ አውለዋለሁ። አሪዞና ከዚህም ትርቃለች፤ ወላጅ የወጣለትን ታግ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጁ ማስተላለፍ ይችላል። የአሥር ዓመት ነጥብ ይዞ ልጁን እቤት ጥሎ የሚሄድ ሰው አይገባኝም።

ከማመልከቻው በፊት የአዳኞች ትምህርት አለ። ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሁሉ የምስክር ወረቀቱ ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ እኔም ከትልቋ ልጄ ጎን ተቀምጬ ተማርኩ። ልጆችን በመስከረም ወይም በጥቅምት ማስመዝገብ ይበጃል፤ ጥር ላይ ቦታ ፍለጋ መሯሯጥ ይቀራል።

ከሁሉ ይበልጥ የምንቆየው ካርታው ላይ ነው። የአሜሪካ ምዕራብ ካርታ በቀለም ይነበባል፤ ቢጫው የፌዴራሉ የሜዳ መሬት፣ አረንጓዴው የመንግሥት ደን፣ ሰማያዊው የግዛቱ፣ ነጩ የግል ነው። አንድ የፕሮንግሆርን ቀበሌ በቀላሉ የሚወጣ ሲሆን ልጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለምን ቀለለ?» ብለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ ነጩ ቀለም ነው። እንስሳው ሞልቷል፣ መግቢያ ግን የለም። ዋዮሚንግ ከባለመሬቶች ጋር ተስማምታ ለአዳኝ የከፈተቻቸው የግል መሬቶች አሉ፤ እነሱን ለይቶ ማግኘት የትንሹ ሥራ ሆኗል። በደቡብ ዋዮሚንግ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ መሬቱ እንደ ዳማ ገበታ የተከፋፈለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መንግሥት ለባቡር ኩባንያው አንድ እያለፈ የሰጠው ካሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሚዙሪ የመጡ አራት አዳኞች ኤልክ ማውንቴን አጠገብ ከአንዱ የሕዝብ ካሬ ወደ ሌላው በማዕዘኑ ተሻገሩ፤ የግሉን መሬት በእግራቸው ሳይነኩ። ባለመሬቱ ከሰሳቸው። በ2025 መጋቢት የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለአዳኞቹ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጥቅምት ጉዳዩን አላይም አለ። ትልቋ ይህን ፍርድ ከትምህርት ቤት የሕግ ርእስ ሁሉ አብልጣ ታውቀዋለች፤ የምትረግጥበትን መሬት የሚመለከት ነውና። አረንጓዴው ላይም አንድ ወጥመድ አለ። በዋዮሚንግ ለዱርነቱ በፌዴራል ሕግ በተከለለ ደን ውስጥ የውጭ ግዛት ሰው ፈቃድ ካለው መሪ ወይም ከነዋሪ አጃቢ ጋር ካልሆነ በቀር ትልልቅ እንስሳ ማደን አይችልም። ልጆቹ መስመሩን ሳያዩ ቀበሌ አይመርጡም።

አሁን ወደ ጾሙ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የምንለው ለዚህ አደን የተባለ ይመስለኛል፤ የፍልሰታ ጾም ካለፈ ቆይቷል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በመሃል የሚወድቅ አደን ለእኛ ቤት የተመቸ ነው። በታኅሣሥ የሚደረጉ የሴት ኤልክ አደኖች ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይወጣሉ፤ ነገር ግን በጾም ሥጋ ጭኖ መመለስ አንፈልግምና ከዝርዝራችን እንሰርዛቸዋለን። ለእናታቸው መጀመሪያ ላይ ያሳሰባት ሥጋው ይበላል ወይ የሚለው ነበር። ኤልክም ፕሮንግሆርንም ሰኮናቸው የተሰነጠቀና የሚያመሰኩ ናቸው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል። ልጆቹ «በስመ አብ» ብለው እንዲባርኩ እሷው አስተማረቻቸው። የኤልክ ሥጋ ስብ ስለሌለው ቋንጣው ግሩም ይሆናል፤ በርበሬው ከአዳማ የሚመጣልን ነው።

ዕቅድ የሚፈርስበት ዓመትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወደ 2023 በተሻገረው ቀዝቃዛ ወራት ምዕራብ ዋዮሚንግና ሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ በከባድ በረዶ ተመቱ፤ አጋዘንና ፕሮንግሆርን በብዛት አለቁ። ግዛቶቹ ታጉን ቀነሱ። ትልቋ የመረጠችው ቀበሌ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ማመልከት ይቻል ነበር፤ የተፈቀደው ታግ ትንሽ ቢሆንም ነበር። እሷ ግን የሞቱትን አጋዘኖች ፎቶ አይታ «ዘንድሮ እነሱን እንተዋቸው» አለች። አልተከራከርኳትም። ከሌላው ይልቅ የምኮራበት የዚያ ዓመት ማመልከቻ ነው፤ ባዶ ነበር።

ምርጫው የልጁ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ወላጅ የሞላለትን ማመልከቻ ልጅ አያስታውሰውም፤ ዕጣው ሳይወጣ ሲቀርም የሚያዝነው አባትየው ብቻ ይሆናል። ራሱ የመረጠ ልጅ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የቀበሌውን ጅረቶች በስማቸው ይጠራቸዋል። ልብሱን እንኳ ለእነሱ ትቻለሁ፤ ኮሎራዶ ከብርቱካናማው ሌላ ደማቅ ሮዝ ትፈቅዳለች፣ ትልቋ የምትለብሰው ሮዙን ነው።

ዘንድሮ ትንሹ 12 ይሞላዋል፤ አሁን የሚሞላው የኒው ሜክሲኮን ማመልከቻ ነው። ኒው ሜክሲኮ የአንድ ሰው ስም ሲወጣ ወደ ሌላ ሰው ከመሄዷ በፊት ሦስቱን ምርጫዎቹን በተራ ታያለች፤ ስለዚህ አንደኛው ላይ የልብን ምኞት፣ ሦስተኛው ላይ ሊገኝ የሚችለውን መጻፍ ያስኬዳል። ሦስተኛውን ሞልቷል፤ ለልጆች ብቻ የተመደበ የኤልክ አደን። ሁለተኛው ላይ ከእህቱ ጋር እየተከራከሩ ነው፤ እሷ መንገዱ በበረዶ ይዘጋል ትላለች፣ እሱ ደግሞ አይዘጋም ባይ ነው። አንደኛውን ገና አልወሰነም፤ እስከ መጋቢት ጊዜ አለው።