«ማል መሊሳ» እንደ ዘፈንና እንደ ለቅሶ

ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ገላን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሦስተኛው አልበሙ «ማል መሊሳ» ለሕዝብ የቀረበው በሙት ዓመቱ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። የአልበሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «መላው ምንድን ነው?» እንደ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ሥራ በሮቤና በጎባ በተማሪዎች መካከል የሚሰማው አስተያየት ሁለት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ወገን «የሟች ሥራ አይተችም» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሞቱ በኋላ የደረሰውን ጥፋት እያስታወሰ ጭራሹን ሊያደምጠው አይወድም። እኛ ሁለቱም ወገኖች ዘፈኑን እንደ ዘፈን አልሰሙትም እንላለን። ይህም ጽሑፍ የተነሣው ከዚሁ አሳብ ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው ሃጫሉ የአምቦ ልጅ ነው። ገና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ታስሮ አምስት ዓመት በወህኒ ቤት ኖረ። ከመጀመሪያው አልበሙ ከ«ሰኚ ሞቲ» (2009) ዘፈኖች አብዛኞቹን የደረሰው በዚያው በእስር ቤት ሳለ ነው። ቀጥሎ «ዋኤ ኬኛ» በ2013 ወጣ። ዳሩ ግን ስሙን በአገሩ ሁሉ ያናኘው አልበም ሳይሆን በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» የተባለው አንድ ዘፈን ነው።

በዚህ ዘፈን ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ማል መሊሳ»ን ለመመዘን ከእርሱ የተሻለ ሚዛን አላገኘንም። ዘፈኑ ላይ ላዩን የፍቅር ዘፈን ነው፤ ተራራ በመካከላቸው ስለ ገባ ሁለት ወዳጆች ይናገራል። ነገር ግን በዋና ከተማው ዙሪያ የነበሩትን የቀድሞ የኦሮሞ መንደሮች በስማቸው ይጠራል፤ ጉለሌን፣ ገላንን፣ አቢቹን። እንግዲህ የተለየችው ወዳጅ ሰው ናት ወይስ ምድር? ደራሲው አይነግረንም፤ የዘፈኑ ኀይልም ያለው ባለመንገሩ ላይ ነው። ከዲንሾ ወይም ከጎባ የመጣ አድማጭ ጉለሌን አያውቅ ይሆናል፤ ቱሉ ዲምቱን ግን በየማለዳው ያያልና፣ ባለ 4,377 ሜትር ተራራ በሁለት ሰዎች መካከል ሲቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። የቦታ ስም መጥራት በኦሮሞ ግጥም ዘንድ ጌጥ አይደለም፤ የይዞታ ምስክርነት ነው። በአማርኛ ቀረርቶም ቢሆን የወንዝና የአምባ ስም እንዲሁ ያገለግላል፤ ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ተማሪ ነገሩ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም።

ሁለተኛው የጥበቡ ምንጭ ጌረርሳ ነው። ጌረርሳ የጀግና ፉከራ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሆኖም የድኻውና የእስረኛው ብሶትም በጌረርሳ ሲነገር የኖረ ነው። ሃጫሉ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ፣ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉት ኦሮሞዎች እርዳታ በተሰበሰበበት ዝግጅት፣ ባለሥልጣኖቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ ጌረርሳውን ባሰማ ጊዜ ፉከራውና ብሶቱ አንድ ላይ ተገናኙ። የባሌ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። በድሬ ሼክ ሁሴን ምእመናኑ የሚያዜሙት ባህሮ አንዱ ሲያወጣ ብዙው የሚቀበልበት፣ ምስጋናውና ልመናው የማይለይበት ዜማ ነውና። ሃጫሉም አድማጩን እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ተቀባይ ይቈጥረዋል።

አሁን ወደ «ማል መሊሳ» እንመለስ። በእኛ አስተያየት በዚህ አልበም ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት እያንዳንዱን ስንኝ እንደ ትንቢት መስማት ነው። ድምፁ የተቀዳው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው፤ ሥራው የወጣው ግን እርሱ በሌለበት ነው። በመካከሉ የገባውን ሞት የጨመረው ዘፋኙ አይደለም፤ እኛ አድማጮቹ ነን። «መላው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሕይወት ካለ ሰው ሲመጣ ለመከራከር የሚጋብዝ ነው፤ ከመቃብር እንደ መጣ ስንሰማው ግን መልስ የማይሻ እንጉርጉሮ ይሆናል። ለሃጫሉ የሚገባው የመጀመሪያው አሰማም ነው፤ ሟርተኛ አልነበረምና። በመሣሪያው በኩል ግን ቅሬታችንን አንሸሽግም። የኪቦርዱና የተዘጋጀው ምት ድርሻ በርክቶ፣ ለድምፁ ሻካራነት የሚመች ባዶ ቦታ አላገኘንም። ይህ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ የአልበም ሥራ ጠባይ ነው፤ ቢሆንም ቅሉ በእርሱ ላይ ይበልጥ ያስቆጫል።

ለማነጻጸር ያህል አንድ የሩቅ ምሳሌ እናምጣ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሲስተም ኦቭ ኤ ዳውን የተባለው አንጋፋ የሄቪ ሜታል ባንድ አራቱም ዐባሎቹ የአርመን ዘር ናቸው። በ1998 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የሚደመደመው በ1915 ስለ ተጀመረው የአርመኖች እልቂት በሚናገር ዘፈን ነው፤ በመቶኛው ዓመትም፣ በኤፕሪል 2015፣ በየሬቫን አደባባይ ተጫውተዋል። በእነዚህ ሰዎች ሥራ ጊታሩና ከበሮው ድንገት ይቆማሉ፤ ለቅሶው የሚሰማው በዝምታው ውስጥ ነው። እኛ ከላይ ባዶ ቦታ ያልነው ይህን ነው። ልዩነቱ ግን አይዘነጋ፤ እነርሱ የአያቶቻቸውን ሞት ከሰማንያ ዓመት በኋላ አዜሙ፤ እዚህ ግን ዘፋኙ ራሱ የሚለቀስለት ሆነ። በነገራችን ላይ የዚያ እልቂት ፍሬ ወደ እኛም ደርሶ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም እስከ 1974 ያገለገለውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ዛሬ በአገራችን ባንድ ብለን የምንጠራው ነገር አንዱ ሥሩ ከዚያ ኀዘን ላይ ነው።

ዘፈኑን የማያደምጠውን ወገን በተመለከተ ነገሩ ይከብዳል። ከሃጫሉ ሞት በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀኖች ብዙ ሰው አለቀ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በተመለከታቸው ቦታዎች 123 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ከእነዚህም በዘራቸውና በሃይማኖታቸው ተለይተው በየቤታቸው የተገደሉ አሉ፤ የባሌም ከተሞች ከጥፋቱ አልዳኑም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የዚያን ወራት ድምፅ መስማት አልችልም ቢል ተቺ ሊገሥጸው ሥልጣን የለውም። እኛ የምንከራከረው ከዚህ አልፎ ዘፈኑን ከገዳዮቹ ጋራ ከሚደምረው ሰው ጋራ ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው «ማል መሊሳ» ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ መላ የጠየቀ ዘፈንም እሳት ለኮሰ አይባልም። «አይተችም» ለሚለውም ወገን የምንመልሰው ቅርብ ነው፦ የማይተች ሥራ ከጥቂት ዓመት በኋላ በየሙት ዓመቱ ብቻ የሚከፈት ይሆናል።

አፋን ኦሮሞ የማያውቅ ባልንጀራችን ሥራውን መስማት ቢወድ ከ«ማል መሊሳ» እንዳይጀምር እንመክራለን። በመጀመሪያ «ሰኚ ሞቲ»ን፣ ቀጥሎ «ማላን ጅራ»ን፣ የቦታዎቹን ስም ከሚያስረዳው ሰው ጋራ ሆኖ ይስማ፤ የመጨረሻውን አልበም ከዚያ በኋላ ቢያነሣው ያ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ያገኘዋል።