ከሂሳቡ የቀረ ውሃ

ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ከኢጣሊያ ካሳ ሲጠይቅ ሟቾቹን በሰባት መደብ ከፍሎ አቅርቧል። በጦር ሜዳ የወደቁ 275,000፣ አርበኞች 78,500፣ በአውሮፕላን ድብደባ ያለቁ ሴቶችና ሕፃናት 17,800፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ የተገደሉ 30,000፣ በእስር ካምፕ የሞቱ 35,000፣ በችሎት ስም የተገደሉ 24,000። ሰባተኛው መስመር ከስድስቱ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል፦ መንደራቸው በመጥፋቱ በችግር ያለቁ 300,000። ድምሩ 760,300 ነው።

ቁጥሮቹ አከራካሪ ናቸው። የሰባተኛው መስመር ድፍንነት ብቻውን ግምት መሆኑን ያሳብቃል። ይሁን እንጂ ዓለም ከኢጣሊያ ወረራ አንድ ነገር ቢያስታውስ የመርዙን ጋዝ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ግን ለመርዝ የተለየ መስመር የለም። ይህን እንደ መዘንጋት አላየውም። ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች ሟችን በገዳዩ ዓይነት ሲመድቡ፣ መርዙ ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው ሰው ላይ ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ነገር ላይ ስለሆነ መደብ አልተገኘለትም ብዬ እገምታለሁ። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ መርዙን እንደ ጦር ሜዳ ወንጀል ብቻ ማንበባችን ጉዳቱን አሳንሶብናል።

«ጋዝ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ይፕሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነገር ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ከውሃ ይከብዳል፤ ሙቀቱ ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ይረጋል። ስለዚህ የደጋ ሌሊት ያረጋዋል፣ የቀትር ፀሐይ መልሶ ያተነዋል። ቆዳንና ጨርቅን ዘልቆ ይገባል፤ የነካው ሰው ግን ወዲያው አያመውም፣ ቁስሉ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። ኢጣሊያኖች ሲ 500 ቲ ይሉት የነበረው ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ይፕሪት ይይዝ ነበር። መሬት ሳይነካ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይፈነዳና ጠብታውን እንደ ዝናብ ይረጨዋል፤ አንዱ ቦምብ ርዝመቱ ከ500 እስከ 800 ሜትር የሚደርስ መሬት ይበክላል። አንድን ወታደር ለመግደል የታሰበ መሣሪያ እንዲህ አይሠራም። ይህ ቦታን ለመዝጋት የተሠራ ነው።

የተዘጋው ቦታ ደግሞ በዘፈቀደ አልተመረጠም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲገፋ መርዙ ወንዙ ላይ ወረደ። ራስ እምሩ በኋላ እንዳስታወሱት፣ ከአውሮፕላን የተጣሉት በርሜሎች ሲሰበሩ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጩ፤ ከተጎዱት መካከል ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎችና በአካባቢው መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ለኢጣሊያው ጦር አዛዥ ለባዶሊዮ ስሌት መልካው የጠላት መተላለፊያ ነው። ጦር ግን አንድን መልካ አንዴ ወይም ሁለቴ ይሻገራል፤ የአካባቢው ሰው በየቀኑ ይወርድበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ባሰሙት ንግግር ወታደሩን ከሴቶችና ከሕፃናት፣ ከብቱን ከወንዙ፣ ከሐይቁና ከግጦሹ ጋር አብረው መጥራታቸው የንግግር ማሳመሪያ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ትክክለኛ የጉዳት መግለጫ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ያፈገፈገው ሠራዊት መጋቢት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የተመታው በቦምብም በመርዝም ነው። አሸንጌ መፍሰሻ ወንዝ የለውም። ይህን ሲሰሙ መርዙ ዛሬም እዚያ ተኝቷል ብለው የሚደመድሙ አሉ፤ ኬሚስትሪው ግን አያግዛቸውም፣ ይፕሪት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ይፈርሳልና። ጉዳቱን በዛሬው አፈር ውስጥ መፈለግ አድራሻ መሳት ነው። መፈለግ ያለበት በዚያ ዓመት እርሻ ውስጥ ነው። በሬው ከሞተ ማሳው ጦም ያድራል፤ ማሳው ጦም ካደረ ቤቱ በዓመቱ ይራባል። የካሳው ሰነድ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 1 ሚሊዮን ፈረስና በቅሎ፣ 700,000 ግመል ጠፋ ሲል እንስሳቱን በንብረት ዓምድ አስፍሯቸዋል። በንብረቱ ዓምድና በሰባተኛው የሟቾች መስመር መካከል ያለውን ድልድይ ግን ማንም አልሠራም።

የካቲት 12ን ብናውቅም የማንነጋገርበት ሌላ ነገር አለ፦ መርዙ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም አልቆመም። ሮም ግዛቷን ባወጀች በወሩ፣ ሰኔ 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ የአንኮበርን ጉዳይ እያነሳ ዐመፀኞቹን በጋዝ እንዲጨርሳቸው ባዶሊዮን የተካውን ግራዚያኒን በቴሌግራም አዘዘው። በሮም አነጋገር እነዚህ ሰዎች ከዚያ ወዲያ ተገዢዎቿ፣ መሬቱም የራሷ ነው። ያው መንግሥት በሆለታና በቢሾፍቱ ለቀድሞ ወታደሮቹ እርሻ ይደለድል፣ በጨርጨርና በወገራ ገበሬ ለማስፈር ያቅድ ነበር። ሊያርሰው የሚፈልገውን አገር በመርዝ መምታት እብደት ይመስላል። አይደለም፤ የተመታው መሬት ነባሩን ነዋሪ የሚደብቀውና የሚያበላው መሬት ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ አርበኞች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ተጠልለው ሳሉ ይፕሪት የወረደባቸው ዋሻው መሸሸጊያ በመሆኑ ነው።

ኢጣሊያ ይህን ሁሉ ለማመን ስድሳ ዓመት ፈጅቶባታል። የመከላከያ ሚኒስትሯ የአገራቸው ጦር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመኑት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጋዝ አልተጣለም እያለ ከታሪክ ጸሐፊው ከአንጄሎ ዴል ቦካ ጋር ለዓመታት ሲሟገት የነበረው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ ተረታ። የእምነት ቃሉ የመጣው የሠራዊቱን መዝገብ ተከትሎ በመሆኑ የተቆጠረው የቦምብ ብዛት ነው። ምንጭና ግጦሽ መዝገብ አልነበራቸውም።

የ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ። ከኢጣሊያ በመጣው የካሳ ገንዘብ ከተሠራው ሁሉ ስሙ የሚነሳው በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ የቆመው አዋሽ ላይ፣ ከተከዜና ከአሸንጌ ርቆ ነው። ከኋላው የተኛው ሐይቅም የወንዙን ዳር ማሳና ግጦሽ ዋጠ፤ እዚያ የነበሩት ገበሬዎችና አርቢዎች ከብታቸውን ነድተው ለቀቁ።